ሶኬት ጠባቂዬ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮረንቲ ከሁለቱም ይብሳል። እዚህ ጀርመን፣ ባንሆፍስፊርቴል በሚባል ሰፈር በሚገኝ የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ጡረታ እስክወጣ ስሠራ የተማርኩት ዋናው ነገር፣ የድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ እየበራ፣ ኮረንቲውን ብቻን አለመለካት ነው። ኮረንቲው ከእጅ ወደ እጅ በልብ እንዳያልፍ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ሶኬቱ አጠገብ ሰው ይቀመጣል። ከተነቀለም በኋላ አይታመንም፤ ቱቦው ቂመኛ ነው፣ ያጠራቀመውን ይዞ ይጠብቃል።

ከጡረታ በኋላ አሮጌ ዕቃ የሚወዱ ጀርመኖች ሪደርቫልድ ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ ያመጡልኝ ነበር። ሶኬት ጠባቂዬ ባለቤቴ ናት። ምስር እየለቀመች ትቀመጣለች። የኋላ ክዳኑን ከፍቼ ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ።

«ኮረንቲ ቢይዘኝ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሶኬቱን እነቅላለሁ፤ አንተን አልነካህም። እንዲያውም ከመንቀሌ በፊት ትንሽ አስብበታለሁ።»

እንስቅ ነበር።

ባለፈው ኅዳር ድስት ምድጃ ላይ ትታ መውጣት ጀመረች። የጎረቤታችን ስም ጠፋባት። ልጃችን «ፓፓ፣ አርዝት ይያት» ብላ ሐኪም ዘንድ እንድወስዳት ስትነግረኝ ተቆጣሁ፤ እርጅና ነው አልኳት። ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ እቆጣለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእንጨት ሣጥን ያለው ቴሌቪዥን ከፍቼ፣ የቀረኝ እየበራ መለካት ብቻ ነበር። እንደ ወትሮው ጠየቅኳት። ምስሩን አስቀምጣ በኀዘኔታ አየችኝ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እጅህን ይዤ አነሳሃለኋ!»

«ሶኬቱስ?»

«የቱ ሶኬት?» ገመዱ እግሯ ሥር ነበር።

ከመጀመሪያው አስረዳኋት፤ ከነካችኝ ሁለታችንም እንደምንሞት ጭምር። «እሺ» አለች። ደግሜ ጠየቅኳት።

«ወድቀህማ ቆሜ አላይህም» አለችኝ፣ ተቀይማ።

ሶኬቱን ራሴ ነቀልኩ። የቱቦውን ኮረንቲ አስወጥቼ ክዳኑን መልሼ አሰርኩት። ለባለንብረቱ ደውዬ፣ አልቻልኩም፣ መጥተህ ውሰደው አልኩት። ሙያዬ በዚያች አንዲት የስልክ ጥሪ አበቃ፤ የከነከነኝ ግን እሱ አይደለም።

ቀጥዬ ለልጄ ደወልኩ፤ ለእናቷ ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ እንድትይዝላት።

«ፓፓ፣ ምን ተፈጠረ?» አለችኝ።

«እናትሽ ልታድነኝ ትፈልጋለች» አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ አለቀስኩ።