«ፍቀድ» የሚለውን የተጫንኩ ቀን

ዘመሮ ከተማ፣ ደብዳቤ የሚጻፍበትና ኢንተርኔት የሚከፈትበት ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን አሳዩኝና «ስም እንዳትገድፊ፤ ሰው ስሙ ሲበላሽ ይቆጣል» አሉኝ። አማርኛ የምጽፈው ኤክስቴንሽን በምትባል፣ ኢንተርኔት መክፈቻው ብራውዘር ላይ በምትጫን ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ለዓመታት አንድ ቀን አላስቸገረችኝም።

ደንበኞቻችን ከሩቅ ነው የሚመጡት። ኢሜይላቸውን ይከፍቱና «እንዳትዘጊው፤ መልስ ሲመጣ ደውይልኝ» ብለው ወደ ገበያው ይሄዳሉ። የስንቱ ሰው ምስጢር እኔ ጋ ተከፍቶ ይውል ነበር። አደራ ነው ብዬ እጠብቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ኤክስቴንሽኗ ታደሰችና የምከፍተውን ገጽ ሁሉ ለማንበብና ለመለወጥ ፈቃድ ጠየቀች። ፊደል መጻፊያ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ምን ያደርግላታል? ወረፋው ረጅም ነበር፤ «ፍቀድ» የሚለውን ተጫንኩ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ደንበኛችን መምህርት አስካለ ከዘመሮ ራቅ ባለችው ቀየት ታስተምራለች። ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተወዳድራ አለፈች። በኢሜይል የመጣላትን ቅጽ እስከ ዓርብ ሞልታ መመለስ ነበረባት። ኢሜይሏን እኔ ጋ ከፍታ ትታው ነበርና ቅጹ መምጣቱን እንዳየሁ ደወልኩላት። ማክሰኞ ስትመጣ ግን ኢሜይሏ አልከፈት አለ፤ የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። የአንዳንድ ሌሎች ደንበኞችም እንደዚያው።

ደብረ ብርሃን ላለ የኮምፒውተር ባለሙያ ደውዬ ኤክስቴንሽኗ ስለጠየቀችው ፈቃድ ነገርኩት። «የሠራት ሰው ሸጧታል። አዲሶቹ ባለቤቶች መሰለያ ጨምረውባታል፤ የምትጽፉትን ሁሉ ስትልክላቸው ነበር» አለኝ አጣርቶ። ደሜ ፈላ። ቤት እንኳ ሲሸጥ ለተከራዩ ይነገራል። ለእኛ ማን ነገረን? ነውረኞች!

ጋሽ ተፈራ «በኔትወርክ አሳብቢ፤ ስማችን ይጠፋል» አሉ።

«ጋሼ፣ ይኼስ አይሆንም» አልኳቸውና እውነቱን ለአስካለ ነገርኳት።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ብትደውል ስልክ የሚያነሳ አጣች። ተሳፍራ ሄደች፤ መኪና ተበላሽቶባት ስትደርስ ዓርብ አልፏል። ቦታዋን ለተጠባባቂ ሰጥተውታል።

ተመልሳ መጥታ «ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን የይለፍ ቃል ለማን ሰጠሽብኝ?» አለችኝ። ኤክስቴንሽኗን ያን ማክሰኞ ወዲያው አጥፍቼ፣ ኢሜይላቸው ገና ላልተነካባቸው ደንበኞች አንድ በአንድ ደውዬ ነበር፤ የይለፍ ቃላቸውን በሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ እንዲቀይሩ ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን አማርኛ የምጽፈው በኮምፒውተሩ በራሱ ኪቦርድ ነው። ደንበኛ ኢሜይሉን ሳይዘጋ ከወንበሩ አይነሳም፤ ቢቆጣም ይቆጣ። አስካለ ዛሬም ቀየት ናት፤ እኛ ጋ ግን አትመጣም።

እንደ እኔ ጽሕፈት ቤት ለምትሠሩ የምለው ይህን ነው፤ የማያስፈልጋችሁን ኤክስቴንሽን አትጫኑ። የጫናችሁት ደግሞ አንድ ቀን አዲስ ፈቃድ ከጠየቀ፣ ለምን እንደፈለገው ሳታውቁ አትፍቀዱ።