ዙልሚራ በገበያ የማታነበው መጨረሻ

ዙልሚራ ተረት በግጥም ጽፋ ገበያ መሃል ቆማ የምታነብ ሴት ናት። ደረቁ የብራዚል ምድር ላይ ባለችው በፔድራ ሞሌ ከተማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጫጭን መጽሐፎቿን እንደታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ታሰጣና ድምጿን ትለቀዋለች። ሰው ይከባታል። ታሪኩ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ሲደርስ ግን ቀጥ ትላለች። መጨረሻውን የፈለገ መጽሐፉን ይገዛል። የሙያው ወግ ነው፤ አባቷም የኖሩት በዚሁ ነው። መጨረሻውን በነጻ የሚሰጥ ጦሙን ያድራል ይሏት ነበር።

ሌላም ያስተማሯት ነገር አለ፤ ማንን እንደምትመርጪ ሆድ ይፍጀው። ፔድራ ሞሌ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። የምርጫ ሰሞን ሰው በሩን ሳይቀር ይቀባል፤ የከንቲባው ሰዎች ቢጫ፣ ተቃዋሚዎቹ አረንጓዴ። ቢጫ በር ያለው ከአረንጓዴው ዳቦ ቤት አይገዛም። ቀብር ላይ እንኳ ተለያይተው የሚቆሙ አሉ፤ እግዜር ይይላቸው። የዙልሚራ በር ቀለም ነክቶት አያውቅም። እሷ ዘንድ ሁለቱም ወገን ጎን ለጎን ቆሞ ያዳምጣል። በታሪኮቿ ውስጥ ያለውን ስግብግብ ጌታ ቢጫዎቹ የአረንጓዴዎቹ አለቃ ነው ብለው ይስቃሉ፤ አረንጓዴዎቹ ደግሞ ከንቲባው ነው ብለው። ሁለቱንም ትሰማለች፤ አታርማቸውም።

ከሚስቁት አንዱ አበልጇ ኤሪቫልዶ ነበር፤ ልጁን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። የማዘጋጃ ቤቱን የውሃ ቦቴ ይነዳል፤ በሩም ቢጫ ነው። ድርቁ ሲጠና ውሃ ለቢጫ በር ብቻ እንዲያድል ተነገረው፤ እሺ አለ። አንድ ቅዳሜ ዙልሚራ ጎረቤቱ በጥም ሲያቃስት እየሰማ ጆሮውን ስለደፈነ ሰው አነበበች። ኤሪቫልዶ መጽሐፉን ገዝቶ ሄደ። በሳምንቱ ቦቴው መንገድ ስቶ አረንጓዴዎቹ የሚኖሩበት ኮረብታ ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ደጋግሞ መንገድ ሳተ። ማንም አላነሳውም፤ ዝም አይነቅዝም።

ኮረብታው ላይ የምትኖረውን ጓደኛዋን ኪቴሪያን ግን ይኸው ዝምታ አንገፈገፋት። አብረው ባቄላ ሲለቅሙ ተናገረቻት።

«አንቺ በሁለት ቢላ ነው የምትበይው። የገዛ ውሃችንን በጓሮ እንደ ሌባ ስንቀዳ እያየሽ፣ ይሄ ግፍ ነው ብለሽ አንድ ቀን በስምሽ አትናገሪም።»

ዙልሚራ፣ ታሪኮቼ ይናገራሉ ልትል ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ እንዳለ ለራሷም የፈሪ ቃል መሰላት። አፈረች፣ እውነት አፈረች።

በቀጣዩ ገበያ አረንጓዴ ጥብጣብ ደረቷ ላይ አስራ መጣች። ከማንበቧ በፊት፣ ጎረቤት አስጠምቶ የሚያድረውን ከንቲባ እንደማትፈልግ፣ ድምጿም ለአረንጓዴው እንደሆነ ተናገረች። አረንጓዴዎቹ አጨበጨቡ። ቢጫዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ኤሪቫልዶ መሬት መሬቱን እያየ ከሁሉም በኋላ ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ኤሪቫልዶ የእሷ አበልጅ ነውና ቦቴው ላይ አብሮት እየሄደ የሚቆጣጠረው ሰው ተመደበበት፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ስቶ አያውቅም። የቀሩት አድማጮቿም ያጨበጭባሉ እንጂ መጽሐፍ አይገዙም። ዙልሚራ ኪቴሪያን ጠየቀቻት፤ በደልኳችሁ ወይ ብላ።

ኪቴሪያ ባዶ እንስራዋን ወደ ጎን ገፋች። «ስትናገሪ አልቅሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ግን የጠገበው ጆሮዬ ነው።»

ዙልሚራ የተናገረችውን መልሳ ልትውጥ አልፈለገችም፤ ሐሰት አልነበረማ። ቁጭ ብላ አዲስ ታሪክ ጻፈች፤ የአገሩን ጉድጓድ ስለቆለፈ ባለጸጋ። ምድረ በዳ ላይ ጥም ይጥለውና የአንዲት መበለት ደጅ ይደርሳል። ሴትዮዋ ያላት አንድ ቅል ውሃ ነው።

ቅዳሜ፣ ቦቴው ገበያው ጥግ ቆሞ ነበር፤ ሞተሩ አልጠፋም። የተመደበበት ሰው ሥጋ ሊገዛ ወርዷል። ዙልሚራ እስከ ቅሉ ድረስ አነበበች፣ እንደ ወጉ ቀጥ አለች፣ ከዚያ አንድ መጽሐፍ ይዛ ወደ መኪናው ሄደች።

«እንካ አበልጄ፣ መጨረሻውን እቤት ታነበዋለህ።»

ኤሪቫልዶ መስኮቱን በትንሹ ብቻ ከፈት አደረገ፤ እጁን ግን ከመሪው አላነሳም። «ምን ያደርግልኛል? መጨረሻውን ያን ቅዳሜ ነግረሽናል። ታባርረዋለች።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ዱሮ መጨረሻሽን አላውቀውም ነበር። ለዚያ ነበር መጽሐፍሽን የምገዛው።»

ዙልሚራ ልቧ ተሰበረ። ጥብጣቡን ነካ አደረገችው፤ ግን አልፈታችውም። ወደ ሰዉ ተመለሰች፣ መጽሐፉን ገለጠች፣ አባቷ የከለከሏትን አደረገች። ድምጿን ወደ መኪናው ጥግ ለቃ መጨረሻውን አነበበችው።

መበለቲቱ ቅሉን ሰጠችው። ባለጸጋው ጠጥቶ ቀና ሲል በጥም ከንፈራቸው የደረቀ ልጆቿን አየ። የጉድጓዱን ቁልፍ ከአንገቱ አወለቀና ለማን እንደሚሰጠው ግራ ገባው። ያኔ ከልጆቿ ትንሿ እጇን ዘረጋች።

ያጨበጨበ አልነበረም። አረንጓዴዎቹ እንኳ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ እንድታባርረው ነበር የጠበቁት። በዚህ መሃል የቦቴው ሞተር ጠፋ። ኤሪቫልዶ አልወረደም፤ የመኪናውን መስኮት ግን እስከ ታች ድረስ አወረደው።