መኪናዬን የሚዞሩት ሽማግሌ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር አጠገብ አንድ መጋዘን ግቢ ውስጥ ጭነት ስጠብቅ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ጠዋት ከጋቢናዬ ብቅ ስል የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ህንዳዊው ሽማግሌ፣ በባዶ እግራቸው፣ እጃቸውን ለጸሎት ገጥመው መኪናዬን ይዞራሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

መተት ነው አልኩ። በመንገዴ ያለው ገደል ሁሉ ትዝ አለኝ። አማተብኩ፤ እሳቸው ግን አያቆሙም። ሰባተኛው ዙር ላይ አላስችል ብሎኝ ወረድኩ።

«አባባ፣ መኪናዬ ምን አደረገዎት?»

ከእኛ አገር ሾፌሮች ጋር ሲውሉ አማርኛ ለምደዋል። «መኪና አይደለም፤ ተራራ ነው የምዞረው።»

ዙሪያዬን አየሁ። ሜዳ ነው። ይባስ ፈራሁ።

«አገሬ አንድ ተራራ አለ። ለእኛ ተራራው ራሱ አምላክ ነው፤ ሰው በባዶ እግሩ ይዞረዋል። እኔ አረጀሁ፣ መሄድ አልቻልኩም። ልጄ ከዚያ አንድ ድንጋይ አመጣልኝ፤ እሱን እዞራለሁ።»

«ታዲያ ድንጋዩ የት አለ?»

የኋላ ጎማዬን አሳዩኝ። የመጣሁ ዕለት የእጅ ፍሬኔ አልይዝ ሲለኝ ከግቢው ጥግ አንስቼ ታኮ ያደረግኩት ጥቁር ድንጋይ!

«ግድ የለም፣ ጭነህ እስክትሄድ እዚያው ይሁን» አሉኝ።

ለካ ጠዋት ጠዋት ድንጋዩን በእርግጫ ሳጠብቀው እያዩኝ ነበር።