ለናይሮቢ መግቢያ፣ በሱሉልታ በኩል

ወይዘሮ አሰለፈች የሱሉልታ ጎረቤቴ ነበረች። የጭቃ ሹሙ በቅሎ በተሰረቀችበት ክረምት፣ አውጫጭኝ ላይ ስሜን ጠራች። አውጫጭኝን ለማያውቅ፦ ንብረት ሲጠፋ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው ካልተጠራ ማንም ቤቱ አይገባም። በቅሎዋ በኋላ ጫንጮ ገበያ ከሌላ ሰው እጅ ተገኘች። የእኔን ስም ግን ያጠራልኝ የለም።

ከዓመታት በኋላ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ናይሮቢ በሾፌርነት የተቀጠረው ባለቤቴ «ነይ» ብሎ ላከብኝ። ለመግቢያ ፈቃዱ ከኖርኩባቸው ከተሞች ሁሉ ከወንጀል ነፃ ነሽ የሚል የፖሊስ ወረቀት ተጠየቅኩ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። አንዱ ከጎደለ ባሌ ጋ መድረስ የለም።

ሰኞ፣ ንጋት

ከመርካቶ በአውቶቡስ። ዓለም ገና ላይ ጤፉ ጤዛ ለብሷል፤ ሴቶች ጎመንና ቀይ ሥር በቅርጫት ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል። ሰበታ ያደግኩባት ናት። የምንጩ ውኃ ያኔም ጥርስ ያደነዝዝ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ጠጣሁ። ወረቀቱን ሳይከራከሩ ሰጡኝ።

ከሰዓት፣ ቡራዩ

የጌፈርሳ ውኃ ያብረቀርቃል። የቀድሞ አከራዬ ኦቦ ገመቹ ከደጃቸው ተነሡ።

«አካም ኦልቴ?» አሉኝ፤ እንዴት ዋልሽ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ኦቦ።»

«ናይሮቢ እርጎ አለ?»

«እንጃ።»

«እንግዲያው ጠጥተሽ ሂጂ!»

ፖሊስ ጣቢያ ዋስ ሆነው ቀረቡልኝ። «ጠባይዋን ያውቃሉ?» ሲሏቸው፣ «ከቤቴ የጠፋ ነገር ቢኖር እሷው ራሷ ናት» አሉ። ጸሐፊው ሳይቀር ሳቀ። እንደ እሳቸው ያለ አከራይ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ማክሰኞ፣ ሱሉልታ

በጭነት መኪና እንጦጦን ወጣን። ባሕር ዛፍ ይሸታል። ቁልቁል ስንወርድ ሜዳው ተዘረጋ፦ የድርቆሽ ክምር፣ ፈረሶች፣ ፊት የሚገርፍ ብርድ። ሙሽራ ሆኜ የገባሁት በዚሁ ሜዳ ነው፤ እንዴት ያምር ነበር።

የመቶ አለቃው ወረቀቱን ከለከለኝ። «አውጫጭኝ ላይ ተጠርተሻል። የጠራችሽ ሴት ራሷ መጥታ ካላስተባበለች አልፈርምም።»

አሰለፈችን ድርቆሽ ስታስር አገኘኋት።

«እትዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ ይምጡልኝ።»

«ዛሬም ለዚያች በቅሎ?»

«በቅሎዋስ ተገኝታለች። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ምን ላድርግ ልጄ? ሕፃን ታቅፌ ዝናብ ሲወርድብኝ ዋለ። ሰው ካልተጠራ አንገባም። ባሏ ቤት ያለ ሴት ብጠራ ዱላው ለእኔ ነው። ያንቺ ባል መንገድ ላይ፤ ወንድም የለሽ፣ ዘመድ የለሽ።»

«ስለዚህ እኔን።»

«ስለዚህ አንቺን።»

ጣቢያ መጥታ ይህንኑ ለመቶ አለቃው ደገመችለት። እሱም ብዕሩን አንሥቶ፣ «በሉ ታረቁ። ይቅር በያት፣ እኔም ልፈርም» አለኝ። አሰለፈች ወደ ጉልበቴ ጎንበስ አለች።

«ይቅር በይኝ።»

ብዕሩን አየሁ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

ፈርሞ ማኅተሙን መታበት።

ናይሮቢ ሄድኩ፤ ከባሌ ጋር ኖርን። ተመልሰን አዲስ አበባ ከገባን በኋላ የወይዘሮ አሰለፈችን ማረፍ ከሱሉልታ የመጣ ሰው ነገረኝ። ቀብሯ አልሄድኩም። ልቅሶም አልደረስኩም።