ለእህቴ «አስመራ» ብዬ የጻፍኩላት ቀን

ዛሬ የጎረቤቴ ልጅ «ዩኒቨርሲቲ ምረጥልኝ» ስትለኝ እምቢ አልኳት። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ከአምቦ አለፍ ብላ ባለችው እጃጂ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ጫልቱ ማትሪክ አልፋ የምርጫ ቅጽ ይዛ መጣች። አዲስ አበባ ወይስ አስመራ?

ታላቅ ወንድማችን አዲስ አበባ ሊማር ሄዶ በቀይ ሽብር ደብዛው ጠፍቷል። በአስመራ በኩል ደግሞ ጦርነት ነበር።

አባባ «የተማርከው አንተ ነህ፤ የማትሞትበትን ጻፍላት» አሉኝ።

እኔ አዲስ አበባ ልል ስል ጫልቱ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ከገባሁ አባባ በየቀኑ የሚታያቸው ወንድማችን ነው። አስመራ በልልኝ» አለችኝ።

ጻፍኩ። «የመረጡበት ምክንያት» የሚለው ላይ «አየሩ ስለሚስማማኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤዋ ለአራት ወር ተቋረጠ። አባባ ሬዲዮ መስማት ተዉ። እኔ ደግሞ ዓይናቸውን ማየት ፈርቼ ቤት መብላት ተውኩ። ከአምቦ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር እቆም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረደች፤ ጦርነቱን ሸሽታ፣ ከስታ፣ ሻንጣ እንኳ ሳትይዝ። ቤት ስንደርስ አባባ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «ምሳ በልተሻል?» አሉ።

እናንተስ፣ ለምትወዱት ሰው መርጣችሁ እንቅልፍ ያጣችሁበት ጊዜ ነበር? ንገሩኝ እስቲ።