የባለበቅሎዎችን ተራ ያፈረሰች አማራጭ

ዛሬ ጠዋት ደባርቅ ላይ የቱሪስት ጭነት ለመጫን ተራ የሚጠብቅ ባለበቅሎ ሁሉ «ተራዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ባንዴ ደረሰው።

ሰውና በቅሎ ተራ የምናስከብርበት ቢሮ በር ላይ ተላተመ። እኔንም አንዷ ረገጠችኝ።

ጥፋቱ ተራ የሚጠራውን የኮምፒውተር ፕሮግራም አብሮኝ የሠራው የጌትነት ነው! እያንዳንዱን ጥሪ በየሰዓቱ የሚቀሰቅሰው ኢቨንት ሉፕ የሚባለው ዝግጁ ኮድ፣ ኮምፓይል ሲደረግ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ሲለወጥ የሚመረጡ አማራጮች አሉት። አንዱ፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ቢቀየርም ሳይዛነፍ የሚቆጥር ሌላ ሰዓት ነው። ጌትነት እሱን አማራጭ አጠፋው።

«ለምን?» ስለው «ፋይሉ እንዲያንስ» አለኝ። ቦታ የጠበበን ይመስል!

ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ወደኋላ ቀርቶ የነበረው የኮምፒውተሩ ሰዓት ራሱን ሲያስተካክል ወደፊት ዘለለ። ፕሮግራሙም የሁሉም ሰዓት የደረሰ መስሎት ሁሉንም ጠራ።

ተራው የጋሽ ማሩ ነበር፤ ከጊች ድረስ የመጡ ሽማግሌ። ጎረምሶቹ ገፍተዋቸው የቱሪስቶቹን ጭነት ወሰዱ።

«አይ ልጄ፣ በአፍ ስንጠራራ እንኳ ተራዬን የቀማኝ አልነበረም» ብለውኝ በቅሏቸውን ባዶዋን እየሳቡ ተመለሱ።

ጌትነት፣ የቆጠብካትን ቦታ ተሸክመህ ጊች ውጣና ለጋሽ ማሩ አስረክብ።

እናንተስ? «ይሄ አያስፈልግም» ብሎ ጉድ የሠራችሁ ማነው? ጻፉት፤ ጌትነት ብቻውን አይሰደብ።