ጨለማ የከለከሉት አበባ

በጤና ጣቢያው ግቢ ሃያ ስድስት ዓመት አበባ ያለማችው ሴት ቀኑን ሙሉ ውሃ ስታጠጣ ብትውልም ቅጽል ስሟ «ደረቋ» ነው። ያንሳታል እንጂ አይበዛባትም። አንዴ እንቢ ካለች እንቢ ነው።

በየዓመቱ ቀኑ ማጠር ሲጀምር በር አጠገብ ያለው መደብ ሮዝና ነጭ ኮስሞስ ያብብበት ነበር። ዘንድሮ ተክሉ ደረት ድረስ አደገ፣ ቅጠሉም ለመለመ፤ እምቡጥ ግን ለመድኃኒት እንኳ የለም። አዲሱ አስተዳዳሪ እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ አበባ ነው ሣር? ነቅለን ሴራሚክ እናነጥፍበታለን።»

«አበባ ነው። የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። እርስዎ የስም ሰሌዳው እንዲደምቅ ብለው መብራት አስተከሉና ሌሊቱን ወሰዱበት።»

ሳቀባት። እሷም እጅጌውን ይዛ ከአጥሩ ጀርባ ወሰደችው። ማንም ያልዘራው የዱር ዘመዱ ጠጠር ውስጥ በቅሎ፣ ከጉልበት ሳያልፍ፣ አበባውን ዘርግፎታል። እዚያ መብራቱ አይደርስም።

«የዱር ስለሆነ ነዋ» አላት። አልሰማም ያለ ሰው መልስ አያጣም። «አርባ ቀን እሰጥዎታለሁ፤ ካላበበ ይነቀላል።»

ማታ ልጇ ተቆጣቻት። «እማዬ፣ ለጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። ያንጥፈው፣ ምን አገባሽ?»

«ያለማሁት እኔ፤ እኔን ካላገባኝ ማንን ሊያገባው ነው?»

በማግስቱ ከዕቃ ግምጃ ቤት አሮጌ ጥቁር መጋረጃ አወጣች። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከመውጣቷ በፊት የመደቡን ግማሽ በእንጨት ደግፋ ትሸፍናለች፤ ጠዋት ስትገባ ትገልጣለች። ጥበቃው ግራ ገባው።

«ጨርቁ እኮ ለሁሉም ይበቃል።»

«ግማሹ ይመስክርልኝ» አለችው።

በአርባኛው ቀን የተሸፈነው ወገን ሮዝና ነጭ ሆኖ፣ ያልተሸፈነው እንደ ጎመን አረንጓዴ እንደሆነ ቆመ። መሃሉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። አስተዳዳሪው መደቡን ዞሮ አየ።

«እሺ፣ መደቡ አይነካም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሁሉንም ይሸፍኑት።»

«አልሸፍንም» አለች ደረቋ። መጋረጃውን አጣጥፋ አስታቀፈችው። «እስከ ዛሬ የሸፈንኩት ውሸታም ላለመባል ነው። የመብራቱ ማጥፊያ ያለው እርስዎ ቢሮ ነው።»